የኤፍ-5 ስኳድሮን፦ ከደብረ ዘይት እስከ ኦጋዴን ሰማይ

በሲያትል፣ በሬድመንድና በአካባቢያቸው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የአውሮፕላን ነገር ሲነሣ በቅድሚያ የሚያስታውሱት ቦይንግንና የኢትዮጵያ አየር መንገድን ነው። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ያገኘቻቸው አውሮፕላኖች ግን መንገደኛ የሚያመላልሱት ብቻ አልነበሩም። ካሊፎርኒያ በነበረው ኖርዝሮፕ ኩባንያ የተሠሩት የኤፍ-5 ተዋጊ ጄቶች በ1969 እና በ1970 ዓ.ም በተካሄደው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ታላቅ ድርሻ ነበራቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የአየር ኃይሉ አመሠራረት

የኢትዮጵያ አየር ኃይል ታሪክ የሚጀምረው ፖቴዝ 25 የተሰኘች ፈረንሳይ ሠራሽ አውሮፕላን በነሐሴ 1921 ዓ.ም አዲስ አበባ ባረፈች ጊዜ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን ስትወር የነበሩት አውሮፕላኖች ጥቂትና ለውጊያ የማይመቹ ነበሩ። ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን በእነዚሁ መልእክት እያመላለሰ አገልግሏል።

ከነጻነት በኋላ አየር ኃይሉ በስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን መሪነት በቢሾፍቱ (ደብረ ዘይት) እንደ አዲስ ተደራጀ። ኢትዮጵያ በ1945 ዓ.ም ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት ከተፈራረመች ወዲህ ደግሞ ሥልጠናውም መሣሪያውም ወደ አሜሪካ አዘነበለ። ኤፍ-86 ሴበር ጄቶች ተከትለው መጡ። ከእነዚህ የተወሰኑት በ1954 ዓ.ም ከተባበሩት መንግሥታት ጦር ጋር ለግዳጅ ወደ ኮንጎ ተልከዋል።

የኤፍ-5 መምጣት

ነጻነቷን በ1952 ዓ.ም የተጎናጸፈችው ሶማሊያ ብዙም ሳትቆይ ከሶቪየት ኅብረት መሣሪያ መቀበል ጀመረች። ለዚህ ምላሽ እንዲሆን አሜሪካ በ1958 ዓ.ም ኤፍ-5ኤ ጄቶችን ለኢትዮጵያ ሰጠች። ጄቱ ቀላል፣ ከድምፅ የሚፈጥንና ለጥገና የማያስቸግር ነበር። በኋላ የመጣው ኤፍ-5ኢ የተባለው ዓይነት ደግሞ ራዳርና የተሻለ ሞተር ነበረው፤ ሙቀት ተከታይ በሆነው የሳይድዋይንደር ሚሳይልም ይዋጋ ነበር። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር ያላት ግንኙነት እስኪቋረጥ ድረስ የተረከበችው ስምንት ያህሉን ብቻ ነው።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግንኙነቱ እየሻከረ ሄደ። የካርተር አስተዳደር በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት እርዳታውን ሲቀንስ፣ ደርግ በበኩሉ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም በአሥመራ የነበረውን የቃኘው ጣቢያ ዘጋ፤ አሜሪካውያን የጦር አማካሪዎችንም አስወጣ። ስኳድሮኑ መለዋወጫ ከሚያገኝበት አገር ተለያይቶ ሳለ ጦርነቱ ደረሰ።

የአየር ውጊያው

የሶማሊያ መደበኛ ጦር በሐምሌ 1969 ዓ.ም ኦጋዴንን ሲያጠቃ፣ በሚግ-17 እና በሚግ-21 የተደራጀው አየር ኃይሉ በተዋጊ ጄት ቁጥር ከኢትዮጵያ ይበልጥ ነበር። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች የአየር ለአየር ፍልሚያን አሜሪካ ድረስ ሄደው የተማሩና ለዓመታት አብረው የበረሩ ነበሩ። በሰው ኃይልም ሆነ በሥልጠና ያካበቱት ልምድ የቁጥሩን ብልጫ አካካሰው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ኤፍ-5ዎቹ በርካታ ሚጎችን መትተው ጣሉ፤ የሰማዩ የበላይነትም ወደ ኢትዮጵያ ዞረ።

ይህ በምድር ያለውን ውጊያ ብቻውን አልወሰነም። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም በሶማሊያ ጦር እጅ ወድቃለች። ሆኖም ድሬዳዋና ሐረር ሳይያዙ እንዲቆዩ የአየር ድጋፉ ትልቅ እገዛ አድርጓል። ከኅዳር ጀምሮ የሶቪየት መሣሪያና የኩባ ወታደሮች በብዛት ገቡ፤ ጅጅጋም በየካቲት 1970 ዓ.ም መጨረሻ ተመልሳ ተያዘች።

ከድሉ በኋላ

ድሉ የሰው ዋጋ ነበረው። በአየር ፍልሚያው ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ የሆኑት ለገሠ ተፈራ አውሮፕላናቸው ተመትታ በሶማሊያ ጦር ተማረኩ። አሥራ አንድ ዓመት በእስር ቆይተው፣ ሁለቱ መንግሥታት በ1980 ዓ.ም ከተስማሙ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የጀግና ሜዳይ ተሸልመው እስከ ብርጋዴር ጄኔራልነት ደርሰዋል።

እርሳቸው ነጻ በወጡበት በዚያው ዓመት፣ ሰኔ 15 ቀን፣ የአየር ኃይሉ አውሮፕላኖች በትግራይ የሐውዜንን ገበያ ደብድበው እጅግ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች አለቁ። አገርን ከወረራ በመከላከል የተመሰገነው ኃይል በእርስ በርስ ጦርነቱ በገዛ ወገኑ ላይ ተሰማርቷል። ስለዚህ የአየር ኃይሉን ታሪክ በኦጋዴኑ ድል ብቻ መተረክ ጎዶሎ ያደርገዋል።

በግንቦት 1981 ዓ.ም የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ አየር ኃይሉ ከፍተኛ አዛዦቹን አጣ። ከእነዚህም ሜጀር ጄኔራል አምኃ ደስታና ቀድሞ አዛዥ የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ፋንታ በላይ ይገኙበታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደርግ ሲወድቅ ብዙ አብራሪዎችና ቴክኒሻኖች ወደ ጎረቤት አገሮች ተሰደዱ።

ኤፍ-5ዎቹም መለዋወጫ አጥተው ቦታቸውን ለሶቪየት ሠራሾቹ ሚጎች ለቀዋል። ጄት በስምምነት ተገዝቶ በአንድ ዓመት ሊደርስ ይችላል፤ አብራሪና ቴክኒሻን ግን በአንድ ዓመት አይደርስም። በ1969 ዓ.ም ክረምት ስኳድሮኑን ያቆመው ለዓመታት የተገነባው ይህ የሰው ኃይል ሲሆን፣ በኋላ በግድያና በስደት የተበተነውም እርሱው ነው።