ከእግር ወደ ደረት የወጣው ሹራብ

ካይሮ ገበያ ወጥቶ «ሸራብ» የጠየቀ ሰው የሚቀርብለት ካልሲ ነው። ቱርኮች «ቾራፕ»፣ ሰርቦች «ቻራፓ» ይላሉ፤ ቃሉ ወደ ባልካን የተሻገረው በኦቶማን ዘመን ነው። በእነዚህ ሁሉ አገሮች ቃሉ ከእግር አልወጣም። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ሹራብ ደረት ላይ ወጣ። የቀድሞ ሰዎች ካልሲን «የእግር ሹራብ» ይሉት የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ እግሩን ማን ወረሰው? ካልሲ፣ ከጣሊያንኛው «ካልጼ»። የዚህ ቃል የላቲን ሥር ደግሞ ጫማ ማለት ነበር። ፖርቱጋሎች «ካልሳ» ሲሉ ሱሪ፣ ፈረንሳዮች «ካልሶን» ሲሉ የወንድ የውስጥ ሱሪ ማለታቸው ነው። አንድ ቃል ከጫማ ተነስቶ እስከ ወገብ ድረስ ተዘዋውሯል።

የአዲስ አበባን ታሪክ በልብስ ስም ማንበብ ይቻላል። በአጼ ምኒልክ ዘመን ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ የዓረብ፣ የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴ የሚገናኝበት ነበር። ፈረንሳይኛ በትምህርት ቤትና በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ በደረሰው ባቡር በኩል ገባ፤ ሸሚዝን ትቶልን ሄደ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም የቆየው ፋሺስት ጣሊያን ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፍቶ መርካቶን ሲያቋቁም፣ አራዳን ደግሞ ፒያሳ አለው። ካፖርትና ሙታንታም የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ከነጻነት በኋላ እንግሊዝኛው በረታ፤ ጃኬትና ፓንት ተከተሉ።

ፓንት ራሱ ጉድ ነው። እንግሊዞች ዘንድ የውስጥ ልብስ፣ አሜሪካኖች ዘንድ ሱሪ ነው። አማርኛ የያዘው የእንግሊዞቹን ነው። አሜሪካ የገባ አዲስ አበቤ የሥራ ባልደረባው ፓንቱን ሲያደንቅለት ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ከሁሉም የሚገርመው የቀሚስና የሸሚዝ ዝምድና ነው። አብዛኞቹ የቋንቋ ምሁራን ሁለቱንም ወደ አንድ የላቲን ቃል፣ ወደ «ካሚሲያ» ይመልሷቸዋል። አንደኛው በዓረብኛ፣ ሌላኛው በፈረንሳይኛ በኩል ተጉዞ እኛ ቤት ተገናኙ። ፈረንሳይ «ሸሚዝ»ን ለወንድ ስታለብሰው፣ እንግሊዝኛ ያንኑ ቃል ተውሶ የሴት የውስጥ ልብስ አደረገው። አማርኛ ደግሞ ቀሚስን ለሚስት፣ ሸሚዝን ለባል ሰጥቶ ወንድምና እህቱን አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ አኖራቸው።

ዛሬ ዛሬ «አማርኛ በባዕድ ቃል ተበረዘ» የሚል ክርክር በየመድረኩ ይሰማል። ክርክሩ ልብስ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። የመንዝ ሱፍ ተፈትሎ፣ በመንዝ እጅ ተሠርቶ፣ ደገኛው ከብርድ የሚጠለልበት በርኖስ እንኳ ስሙ ዓረብኛ ነው። ሞሮኮም አልጄሪያም ይለብሱታል። ታዲያ በርኖስ ሀገርኛ አይደለም የሚል ማን ነው?

ቃል የመጣበት አገር ባለቤቱን አይወስንም። የሚወስነው የለበሰው ሰው ነው። ሹራብን ከእግር አንስቶ ደረት ላይ ያወጣው አዋጅ ወይም አካዳሚ አልነበረም። ብርድ የመታው ገዢ፣ ሻጭና ልብስ ሰፊ ናቸው።

ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ በዶሮ ማነቂያና በአካባቢው የኖሩ ሰዎችም ተበትነዋል። ስለ ሕንፃዎቹ ብዙ ተብሏል፤ ፎቶም ተነስቷል። የስፌቱን፣ የቅዱን፣ የጨርቁን ስም የሚያውቁ አዛውንት ልብስ ሰፊዎችን ግን ቁጭ ብሎ የሚጠይቅ፣ የሚቀዳ ያስፈልጋል። ሕንፃ ፎቶ ይቀርለታል። ያልተጻፈ ቃል ግን ተናጋሪው ሲያልፍ አብሮት ይቀበራል።