ከቀብር በፊት ያለው ጊዜ፤ በጉራጌ አገርና በአዲስ አበባ ስለ ማስታመም ታሪክ

በጉመር የአረቅጥን ከተማና በዙሪያዋ ያለውን ብርዳም ደጋ የሚያውቅ ሰው፣ ለቅሶ በዚያ አገር ምን ያህል የከበረ ነገር እንደ ሆነ ሳያስተውል አይቀርም። ሰው ሲሞት ጀፎሮው በለቀስተኛ ይሞላል፤ አዲስ አበባ ያለውም ዘመድ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል። ስለ ቀብርና ስለ ለቅሶ ተመራማሪዎች ብዙ ጽፈዋል። ነገር ግን በሽተኛው ተስፋ ከተቆረጠበት ቀን አንሥቶ እስኪሞት ድረስ ያለው ጊዜ፣ ሳምንትም ይሁን ዓመት፣ በታሪክ ጽሑፎቻችን እምብዛም ስፍራ አላገኘም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ጊዜ ነው።

አማርኛችን ለዚህ ሥራ የተለየ ቃል አለው፤ «ማስታመም» ይባላል። ማከም የሐኪሙ፣ ማስታመም የቤተ ሰቡ ነው። አስታማሚዋም አብዛኛውን ጊዜ ሚስት፣ ልጅ ወይም ምራት ናት። በእንሰት አገር ደግሞ ሸክሙ ይከብዳል፤ እንሰት መፋቅና ቆጮውን ጉድጓድ አስገብቶ ማብላላት የሴት ሥራ ስለ ሆነ፣ እርሷ ከበሽተኛው አጠገብ ስትውል የቤቱ ምግብ ይጓደላል። ለበሽተኛው የሚሆነውን የቡላ ገንፎ የምታገነፋውም እርሷው ናት። ጎረቤት ለጥየቃ ይመጣል፤ ክርስቲያን ከሆነ የንስሐ አባት፣ እስላም ከሆነ ያሲን የሚቀራለት ሰው ይጠራል። ሌሊቱን ግን የምትቀመጠው አስታማሚዋ ናት።

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ፣ የጉራጌ አገር በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከዋለ በኋላ፣ ብዙ ወንዶች ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ወጡ። በከተማ የታመመ ሰው ወይ ወደ አገሩ ይመለሳል፣ ወይም ከአገሩ ልጆች በቀር አስታማሚ የለውም። ዕድር ከየት እንደ ተነሣ ሊቃውንት በአንድ ቃል አይናገሩም፤ ብዙዎቹ ግን በከተማ መስፋፋቱን ከጉራጌ ስደተኞችና ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የጣልያን ወረራ ጋር ያያይዙታል። አሉላ ፓንክረስትና ዳመን ኃይለ ማርያም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት ይህን ታሪክ በሰፊው ተመልክተውታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ዕድር የተቋቋመው ለሞት ነው። አባሉ በየወሩ ያዋጣል፤ ሞት ሲደርስ ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ገንዘቡም ለቤተ ሰቡ ይሰጣል፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። በሽታን በሚመለከት ጥቂት ብር የሚሰጡ ዕድሮች መኖራቸው አይካድም፤ በገጠርም ጎረቤት በሽተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ሐኪም ቤት ማድረሱ የታወቀ ነው። ሆኖም የደንቡ ልብ ቀብር ነው። ሦስት ዓመት ያስታመመች ሴት ከብቷን ሸጣ፣ ተበድራ ከጨረሰች በኋላ፣ የዕድሩ ገንዘብ የሚደርሳት ባሏ በሞተ ማግሥት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 የካቶሊክ ሚስዮን እኅቶች ከወልቂጤ ብዙ በማይርቀው አጣጥ ሆስፒታል አቋቋሙ። ይህ ለሰባት ቤት ጉራጌ ታላቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ሆስፒታል የሚድነውን ለማዳን የተሠራ ስለ ሆነ፣ የማይድነው «ቤትህ ግባ» ይባላል፤ የሚገባውም ወደዚያችው አስታማሚ ነው። ዘመድ ለሌለው ደግሞ የማዘር ቴሬዛ እኅቶች እ.ኤ.አ. በ1973 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በአዲስ አበባ ለሚሞቱ ድኾች መጠለያ ከፈቱ።

በሌላው ዓለምም ነገሩ አዲስ ነው። በለንደን ሲሲሊ ሳንደርስ ሴንት ክሪስቶፈርን የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በዩጋንዳ ሐኪሟ አን ሜሪማን በ1993 በጀመረችው ሥራ፣ የሚጠጣ ሞርፊን እየተበጠበጠ በሽተኛው እቤቱ ሆኖ ሥቃዩ እንዲቀልለት ተደረገ።

በእኛ አገር ግን ዕድርን ወደ ሕያዋን እንዲዞር ያስገደደው የኤች አይ ቪ ዘመን ነበር። ወጣት አባላት በብዛት ሲሞቱ የዕድሩ ሣጥን ተራቆተ፤ አንዳንድ የአዲስ አበባ ዕድሮችም ከነርሶችና ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው በሽተኛውን በየቤቱ ማጠብና ማስታመም ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲስተር ጽጌሬዳ ይስፋወሰን ሆስፒስ ኢትዮጵያን አቋቋሙ። መድኃኒቱ በ2005 በነጻ መሰጠት ሲጀምር የሟቹ ቁጥር ቀነሰ። ካንሰርና ሌላው የማይድን በሽታ ግን ቀረ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ስለዚህ እንክብካቤ ብሔራዊ መመሪያ ያወጣው በ2016 ነው።

አንድ አከራካሪ ነገር አለ። በባህላችን መርዶ በዘዴ ነው የሚነገረው፤ የበሽታም ክፉ ወሬ ለዘመድ ይነገራል እንጂ ለበሽተኛው አይነገርም። ኑዛዜ ደግሞ ሰው መሞቱን ዐውቆ የሚያደርገው ነገር ነው። አባቶቻችን ሁለቱን እንዴት እንዳስታረቁ አስታማሚዎችን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እኔ እንደሚመስለኝ በሽተኛው ያውቃል፣ ዘመዶቹም ማወቁን ያውቃሉ፣ ነገር ግን ማንም አይናገርም።

ለተማሪ የሚሆን አንድ መነሻ በቅርብ አለ። በቡታጅራ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሥር ቀበሌዎች ልደትና ሞት ሲመዘገብ ቆይቷል፤ የሞት ምክንያትንም ለማወቅ ሟቹን ያስታመመ ሰው ስለ ምልክቶቹ ይጠየቅ ነበር። ጠያቂው የፈለገው የበሽታውን ስም ነው። ተጠያቂዋ ግን ሌሊቱን፣ ወጪውንና ሥቃዩን ሁሉ ታውቀው ነበር።