የእይታ መስመርና የአንጎል ምስል ምርመራ፦ ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

የእይታ መስመር የሚባለው ከዓይን የኋላ ክፍል ተነሥቶ እስከ አንጎል የኋላ ጫፍ የሚዘልቅ የነርቭ መንገድ ነው። ዓይን ብርሃንን ይቀበላል፤ የታየው ነገር ምን እንደሆነ የሚታወቀው ግን መልእክቱ ይህን መንገድ ተጉዞ አንጎል ሲደርስ ነው። በመሆኑም በመንገዱ ላይ በየትኛውም ቦታ ጉዳት ቢደርስ፣ ዓይኑ ራሱ ጤናማ ቢሆንም እንኳ እይታ ይጎድላል። እንዲህ ያለውን ችግር መነጽር አይፈታውም፤ በቅድሚያ ጉዳቱ የደረሰበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ጽሑፍ የእይታ መስመር እንዴት እንደተዘረጋ፣ ካርታው በምስል ምርመራ እንዴት እንደሚነሣ፣ ምርመራው ለማን እንደሚያስፈልግ እና ከምርመራው በፊት ምን መደረግ እንዳለበት ያብራራል።

የእይታ መስመር አቀማመጥ

በእያንዳንዱ ዓይን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ሬቲና የተባለ ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን አለ። ከሬቲና የሚነሡ አንድ ሚሊዮን ያህል የነርቭ ክሮች ተጠቃልለው የዓይን ነርቭን ይሠራሉ። የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከአንጎል ሥር፣ ከፒቱታሪ ዕጢ በላይ ይገናኛሉ። በዚህ መገናኛ ላይ በአፍንጫ በኩል ካለው የሬቲና ግማሽ የሚመጡት ክሮች ወደ ተቃራኒው ጎን ሲሻገሩ፣ በጆሮ በኩል ካለው ግማሽ የሚመጡት ደግሞ በነበሩበት ጎን ይቀጥላሉ። በዚህም ምክንያት ከፊታችን በስተቀኝ ያለውን ሁሉ የሚያየው የግራው የአንጎል ክፍል ሲሆን፣ በስተግራ ያለውን የሚያየው የቀኙ ነው።

ክሮቹ ከመገናኛው አልፈው ታላመስ በተባለው የአንጎል ጥልቅ ክፍል ወደሚገኝ የማስተላለፊያ ጣቢያ ይደርሳሉ። ከዚያ የሚነሡት ክሮች እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ወደ ኋላ ይጓዛሉ። ከላይ ያለውን እይታ የሚሸከሙት ክሮች በጆሮ አካባቢ ባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ወደ ፊት ሄደው፣ ከዚያ ታጥፈው ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ሁሉም በመጨረሻ የሚደርሱት በአንጎል የኋላ ጫፍ ወደሚገኘው የእይታ ማዕከል ነው። በማዕከሉ ውስጥ ሰፊውን ቦታ የያዘው ለማንበብና ፊት ለመለየት የሚያገለግለው የመሐል እይታ ነው።

የጉድለቱ ዓይነት የጉዳቱን ቦታ ይጠቁማል

ዓይን ሳይንቀሳቀስ የሚታየው ዙሪያ የእይታ መስክ ይባላል። የእይታ መስክ ሲጎድል፣ የጎደለው ክፍል ጉዳቱ የት እንዳለ ለሐኪሙ ይጠቁማል፦

• ጉዳቱ ከመገናኛው በፊት በዓይን ነርቭ ላይ ከሆነ የሚጎድለው የዚያ አንድ ዓይን እይታ ነው።
• ጉዳቱ በመገናኛው ላይ ከሆነ በሁለቱም ዓይኖች የውጭኛው ጎን እይታ ይጠፋል። ለዚህ አንዱ የተለመደ ምክንያት የፒቱታሪ ዕጢ እብጠት ነው።
• ጉዳቱ ከመገናኛው በኋላ ከሆነ በሁለቱም ዓይኖች አንድ ዓይነት ጎን ይጎድላል። ስትሮክ፣ እብጠትና የጭንቅላት አደጋ ለዚህ ይዳርጋሉ።

በሦስተኛው ዓይነት ጉዳት የተያዙ ብዙ ሰዎች «ግራ ዓይኔ አያይም» ወይም «ቀኝ ዓይኔ አያይም» ብለው ይናገራሉ። እውነታው ግን በሁለቱም ዓይኖች ግማሹ እይታ መጥፋቱ ነው። አንዱን ዓይን ሸፍኖ በሌላው፣ ቀጥሎም አቀያይሮ በማየት ልዩነቱን መገንዘብና ለሐኪም በትክክል መግለጽ ይቻላል።

ካርታው ከጦር ቁስለኞች ወደ ምስል መሣሪያ

የመጀመሪያዎቹ ካርታዎች የተገኙት ከቁስለኞች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1905 በተካሄደው የሩሲያና የጃፓን ጦርነት፣ ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ታትሱጂ ኢኖዬ የቆሰሉ ወታደሮችን የእይታ ጉድለት የመመርመር ኃላፊነት ነበረው። ጥይቱ በራስ ቅል የገባበትንና የወጣበትን ቦታ ለክቶ ከጎደለው እይታ ጋር በማነጻጸር የእይታ ማዕከሉን ካርታ ሠራ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1909 አሳተመ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የነርቭ ሐኪሙ ጎርደን ሆልምስ በብሪታኒያ ጦር ቁስለኞች ላይ ተመሳሳይ ጥናት አካሂዷል። ዛሬ ይህንኑ ካርታ ሕይወት ካለው ሰው አንጎል፣ ያለ ምንም ቁስል ማንሣት ተችሏል።

የምስል ምርመራ ዓይነቶች

ሲቲ ስካን፦ በራጅ ጨረር የሚሠራ ፈጣን ምርመራ ነው። በተለይ በድንገተኛ ጊዜ የአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስን ለመለየት ያገለግላል።

ኤምአርአይ፦ በማግኔት ኃይልና በሬዲዮ ሞገድ ስለሚሠራ የራጅ ጨረር የለውም። የዓይን ነርቭን፣ መገናኛውንና የአንጎልን ክፍሎች በዝርዝር ያሳያል።

የአንጎል ሥራን የሚያሳይ ኤምአርአይ፦ አንድ የአንጎል ክፍል ሲሠራ ወደዚያ የሚሄደው ደም ይጨምራል፤ የደሙም የኦክስጅን መጠን ይለወጣል። መሣሪያው የሚለካው ይህን ለውጥ ነው። የዘዴው መሠረት በሴይጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 የተገለጸ ሲሆን፣ በ1992 በሰው የእይታ ማዕከል ላይ ተግባራዊ ሆኗል። ተመርማሪው እየሰፋ የሚሄድ ቀለበት ወይም እንደ ሰዓት ቆጣሪ የሚዞር ምስል ሲመለከት፣ እያንዳንዱ የእይታ መስክ ክፍል በየትኛው የአንጎል ቦታ እንደሚታይ ይመዘገባል።

የነርቭ ክሮችን የሚከተል ኤምአርአይ፦ በአንጎል ውስጥ ያለ ውኃ የነርቭ ክሮችን አቋርጦ ከመሄድ ይልቅ በክሮቹ አቅጣጫ መንቀሳቀስ ይቀለዋል። መሣሪያው ይህን እንቅስቃሴ ይለካል፤ ኮምፒዩተርም ከልኬቱ ተነሥቶ የክሮቹን መንገድ ይሥላል።

ምርመራው መቼ ያስፈልጋል?

ምርመራውን የሚያዘው ሐኪም ነው። አብዛኛውን ጊዜ የዓይን ምርመራ፣ የእይታ መስክ ልኬትና መደበኛ ኤምአርአይ በቂ መልስ ይሰጣሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዘዴዎች ይበልጥ የሚጠቅሙት ለምርምርና ለቀዶ ሕክምና ዝግጅት ነው። ለአብነት፣ በመድኃኒት ያልተቆጣጠሩት የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በጆሮ አካባቢ ባለው የአንጎል ክፍል ላይ ቀዶ ሕክምና ሲታሰብለት፣ ወደ ፊት የሚታጠፉት የእይታ ክሮች ሊነኩ ይችላሉ። ከተነኩ የላይኛው እይታ በአንድ ጎን ይጎድላል፤ ይህም መኪና መንዳትን እስከ መከልከል ሊያደርስ ይችላል። የእነዚህ ክሮች እጥፋት ከሰው ሰው ስለሚለያይ የታካሚውን የራሱን ካርታ አስቀድሞ ማየት ይጠቅማል። ሆኖም ካርታው በስሌት የተሠራ ግምት እንጂ ክሮቹን በቀጥታ ያነሣ ፎቶግራፍ አይደለም። በተለይ ጠባብ እጥፋት ባለበት ቦታ አንዳንድ ክሮች ሳይታዩ ሊቀሩ ስለሚችሉ፣ የቀዶ ሐኪሙ ውሳኔ በካርታው ላይ ብቻ አይመሠረትም።

ከኤምአርአይ ምርመራ በፊት

• የሪፈር ወረቀት፣ የቀድሞ የምስልና የዓይን ምርመራ ውጤቶችን ይዞ መቅረብ።
• የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ፣ በአንጎል ደም ሥር ላይ የተደረገ የብረት መቆንጠጫ ወይም በጆሮ ውስጥ የተተከለ የመስሚያ መሣሪያ ካለ አስቀድሞ ማሳወቅ።
• በብየዳ ወይም በብረት ሥራ ላይ የተሰማሩ፣ እንዲሁም በጥይት ወይም በፍንጣሪ የቆሰሉ ሰዎች ይህንኑ መግለጽ አለባቸው። በዓይን ውስጥ የቀረ ጥቃቅን ብረት በማግኔቱ ተስቦ ዓይንን ሊጎዳ ይችላል።
• እርግዝና ወይም የኩላሊት ሕመም ካለ መናገር። በደም ሥር የሚሰጥ የምስል ማጉያ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ይህ መታወቅ አለበት።
• ጌጣጌጥ፣ ሰዓት፣ ስልክና ማንኛውንም ብረት ከክፍሉ ውጭ መተው።
• መሣሪያው ከፍተኛ ድምፅ ስላለው የጆሮ መከላከያ መጠቀም፤ ጠባብ ቦታ የሚያስፈራው ሰው አስቀድሞ ለባለሙያው ማሳወቅ ይኖርበታል። ምስሉ ጥርት ብሎ እንዲወጣ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ያስፈልጋል።

ቀጠሮ የማይጠበቅበት ሁኔታ

እይታ በድንገት ከጠፋ፣ በሁለቱም ዓይኖች አንድ ጎን ካልታየ፣ ወይም ከእይታ ችግሩ ጋር የፊት መጣመም፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የአነጋገር መተሳሰር ወይም ከባድ ራስ ምታት ካለ፣ ታማሚው ሳይዘገይ ድንገተኛ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ምልክቱ ከደቂቃዎች በኋላ ቢጠፋም መመርመር ግዴታ ነው፤ ለሚመጣ ስትሮክ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላልና። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ማስታወስ ለሐኪሙ ውሳኔ እጅግ ይጠቅማል። እይታቸው ቀስ በቀስ እየጠበበ የሄደ፣ ወይም በአንድ ጎን ከሰውና ከዕቃ ጋር እየተጋጩ ያስቸገራቸው ሰዎች ደግሞ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ የጤና ተቋም ቀርበው እንዲመረመሩ ይመከራል።