የጭስ ጠቋሚ

ፕላስቲክ፣ የብረት ወንፊት፣ የብርሃን ዳሳሽ። ጣሪያ ላይ የሚገጠም።

በነጩ ክዳን ሥር ጨለማ ክፍል አለ። በውስጡ ያለው ቀጭን ጨረር በደህናው ጊዜ ዳሳሹን አልፎት ይሄዳል፤ ጭስ ሲገባ ግን ተበትኖ ያርፍበታል፣ ደወሉም ይጮኻል። ዙሪያውን ያለው ወንፊት ነፍሳት ገብተው በከንቱ እንዳያስጮኹት ነው።

ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. በቂሊንጦ ማረሚያ ቤት እሳት ተነሣ። መንግሥት 23 እስረኞች መሞታቸውን፣ ከእነዚህም 21ዱ በጭስ ታፍነውና ተረጋግጠው፣ 2ቱ ደግሞ ሊያመልጡ ሲሞክሩ መሆኑን አስታወቀ። 

በተቆለፈ ቤት ደወሉን የሚሰማው ሰው በሩን ከፍቶ መውጣት አይችልም። ስለዚህ ጠቋሚውን የሚገጥመው ባለሙያ የደወሉን ሽቦ ከሁሉ አስቀድሞ የሚስበው ቁልፉ ወዳለበት፣ ወደ ተረኛው ጠባቂ ክፍል ነው።