ውሂብ ገና መረጃ አይደለም

«የዳታ አናሊቲክስ ትንታኔ» የሚለው ሐረግ ከስብሰባ አዳራሽ አልፎ በከተማና በአካባቢ ጥናት ሰነዶች ላይ መታየት ጀምሯል። አናሊቲክስ ራሱ ትንተና ነው፤ አንዱን ሁለቴ ብለን ዳታውን በባዕድ ስሙ ትተነዋል። የሚያናድደው፣ ቃሉ እያለን መሆኑ ነው።

ብዙዎች «የመረጃ ትንተና» ይላሉ። ለጆሮ ይስማማል፤ ነገር ግን ትልቅ ልዩነት ይደፈጥጣል። «መረጃ» የ«ተረዳ»ና የ«ማስረጃ» ዘመድ ነው፤ አንድን ነገር የምንረዳበት ማለት ነው። አዲስ አበባ፣ ቦሌ ባለው የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ የዝናብ መለኪያው «32 ሚሊ ሜትር» አለ እንበል። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 32 ሊትር ውሃ ወረደ፤ በቃ፣ ሌላ ያስረዳን ነገር የለም። ያን ያህል ውሃ በሰሚት ሰፈር የቀድሞ ማሳ ላይ ቢሆን ከፊሉ ይሰርግ ነበር፤ ዛሬ ከኮንዶሚኒየም ጣሪያና ከአስፋልት ላይ ተንደርድሮ ወደ ቱቦ ይገባል። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የምድርን ምስል ሲያነሱ የኖሩት የላንድሳት ሳተላይቶች ከአያት እስከ ቦሌ አራብሳ ማሳው እንዴት ሰፈር እንደሆነ ያሳያሉ። የዝናቡ ቁጥር ከምስሉ፣ ከመሬቱ ተዳፋትና ከቱቦው ስፋት ጋር ተገናዝቦ «ጎርፉ በዚህ በኩል ይመጣል» ሲያሰኝ፣ መረጃ የተገኘው ያኔ ነው።

ከዚያ በፊት ላለው ጥሬ ነገር ስሙ «ውሂብ» ነው። ሥሩ የግእዙ «ወሀበ»፣ ማለትም «ሰጠ» ነው፤ «ሀብት»ም ከዚሁ ይወለዳል። የላቲኑ «ዳታ»ም ፍቺው «የተሰጡ» ነውና ቃሉ ከሥሩ ይገጥማል። የሰዋስው ሊቅ «ውሂብ መስጠት ነው፤ የተሰጠው ውሁብ ይባላል» ብሎ ይሞግት ይሆናል። እውነቱን ነው። ይሁንና «ውሁብ» ከ«ውሁድ» ጋር ይምታታል፤ «ውሂብ» ግን በስልኮቻችን የአማርኛ ቅንብር ገብቶ እጃችን ለምዶታል። የተለመደውን ማፍረስ አያስፈልግም።

በ«ትንተና» ላይ ክርክር የለኝም፤ ተነተነ፣ በየፈርጁ ለያይቶ አየ። አናሊቲክስ ከአንድ ትንተና ሰፍቶ የሙያ ዘርፍ ነው ለሚሉ ደግሞ «ሥነ» አለች። ሥነ ምድርና ሥነ ሕይወት ካልን «የውሂብ ሥነ ትንተና» ማለት አይከብድም። በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚያሰጋው ነዋሪ ስለ ሰፈሩ የተጠናውን ጥናት ከርእሱ ጀምሮ በቋንቋው ማንበብ ይገባዋል።