የትምህርት ቤቶች ዓለም አቀፍ የሮቦቲክስ ትብብር

የትምህርት ቤቶች ዓለም አቀፍ የሮቦቲክስ ትብብር በተለያዩ አገሮች የሚገኙ ተማሪዎች ሮቦት እየሠሩ፣ ፕሮግራም እየጻፉና ውጤታቸውን እየተለዋወጡ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የሚማሩበት አሠራር ነው። ትብብሩ ውድድር፣ የጋራ ፕሮጀክት፣ የመምህራን ሥልጠና ወይም የመሣሪያ ድጋፍ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ በዩኒቨርሲቲዎች የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ) ማዕከላት፣ በግል የቴክኖሎጂ ድርጅቶችና በውጭ አጋሮቻቸው በኩል መሠረት ይዟል። እንደ ኦሞራቴ ላሉ ከመሃል አገር ለራቁ ከተሞች ግን ዋናው ጉዳይ የአካባቢው መምህርና የአካባቢው ችግር በትብብሩ ውስጥ የሚኖራቸው ቦታ ነው።

ታሪካዊ መነሻ

ሮቦትን ለማስተማሪያነት የመጠቀም ሐሳብ በሰፊው የሚታወቀው በደቡብ አፍሪካ ፕሪቶሪያ በተወለደው የሒሳብ ሊቅ በሲሞር ፓፐርት ነው። ፓፐርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1967 ሎጎ የተባለውን የልጆች የኮምፒዩተር ቋንቋ ሠሩ፤ በኋላም ልጆች በሎጎ ትእዛዝ ወለል ላይ የሚያንቀሳቅሱት ኤሊ መሰል ሮቦት ተሠራ። የፓፐርት እምነት ልጅ በእጁ የሠራውን ነገር እያየ፣ ስሕተቱንም ራሱ እያረመ ሲሄድ ዕውቀቱ ሥር ይሰዳል የሚል ነበር።

ሌጎ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ማይንድስቶርምስ የተባለውን የሮቦት መሥሪያ ለገበያ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2005 በጣልያን የተጀመረው አርዱይኖ ደግሞ ንድፉ ለማንም ክፍት የሆነ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በመሆኑ ሮቦት የመሥራትን ወጪ በእጅጉ ቀነሰ። በውድድሩ በኩል አሜሪካዊው የፈጠራ ባለሙያ ዲን ኬመን እ.ኤ.አ. በ1989 ፈርስት የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ እሱው ያቋቋመው ፈርስት ግሎባል እ.ኤ.አ. በ2017 በዋሽንግተን ባካሄደው የመጀመሪያ ውድድር ከ150 በላይ አገሮች ወጣቶቻቸውን አሰልፈዋል።

በአፍሪካ የጋና አሼሲ ዩኒቨርሲቲና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2012 የአፍሪካ ሮቦቲክስ መረብን አቋቋሙ። መረቡ በ10 ዶላር አካባቢ የሚሠራ የትምህርት ሮቦት እንዲነደፍ ውድድር አወጣ፤ ከአሸናፊዎቹ አንዱ የቪዲዮ ጌም መቆጣጠሪያን ወደ ሮቦት የለወጠና ሚዛኑን እንጨት ላይ በተሰኩ ከረሜላዎች የጠበቀ ነበር። ውድድሩ የዕቃ ውድነት ብቻውን በር የሚዘጋ ምክንያት እንዳልሆነ አሳይቷል።

የማስተማሪያ ሮቦት አሠራር

አንድ የማስተማሪያ ሮቦት በመሠረቱ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ አካባቢውን የሚለካ ሴንሰር፣ ፕሮግራሙን የሚያስፈጽም አነስተኛ ኮምፒዩተር፣ እንቅስቃሴ የሚፈጥር ሞተር። ተማሪው እነዚህን ሲያገናኝ በመማሪያ መጽሐፍ የተነበበው ሁሉ ሥራ ላይ ይውላል። ዲያሜትሩ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ በአንድ ዙር ወደ 18.8 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፤ ሮቦቱ 1 ሜትር እንዲሄድ ከተፈለገ ጎማው ወደ 5.3 ጊዜ መዞር አለበት። ስሌቱ ከተሳሳተ ሮቦቱ ከመስመሩ አልፎ ይሄዳል ወይም ሳይደርስ ይቆማል፤ ልጁም መምህሩን ሳይጠብቅ ስሕተቱን በዓይኑ ያየዋል።

ርቀት የሚለካው አልትራሶኒክ ሴንሰር እንደ ገደል ማሚቶ የሚመለስ ድምፅን ይጠቀማል። ሰው የማይሰማው ድምፅ ይልካል፤ ከግድግዳ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይቆጥራል፤ ጊዜው በድምፅ ፍጥነት ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል ርቀቱ ይገኛል። የድምፅ ፍጥነት በሴኮንድ 340 ሜትር ተብሎ ቢያዝና ድምፁ በ10 ሚሊ ሴኮንድ ቢመለስ፣ ግድግዳው 1.7 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው።

በኢትዮጵያ

በዘርፉ ቀደም ካሉት ተቋማት አንዱ በአሜሪካዊው ማርክ ጌልፋንድ የተመሠረተው ስቴምፓወር ነው። ድርጅቱ በቢሾፍቱ ከሚገኘው የፎካ ማዕከል ተነሥቶ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመሆን የስቴም ማዕከላትን አስፋፍቷል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ማዕከል ከእነዚህ መካከል በስፋት ይታወቃል። በማዕከላቱ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ቤተ ሙከራ፣ ኤሌክትሮኒክስና ኮምፒዩተር ያገኛሉ።

በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2013 በጌትነት አሰፋና በቤን ጎርዘል የተመሠረተው አይኮግ ላብስ፣ ሶፊያ የተባለችው የሐንሰን ሮቦቲክስ ሮቦት ሶፍትዌር በከፊል የተሠራበት ቤት ነው። ሶፊያ በ2010 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባን ስትጎበኝ ብዙ ወጣቶች ሮቦትን ከአገራቸው ልጆች ሙያ ጋር አገናኝተው ለማየት ዕድል አገኙ። ከዚሁ ተቋም የወጣውና በቤተልሔም ደሴ የተመራው ኤኒዋን ካን ኮድ ለልጆች ኮዲንግና ሮቦቲክስ አስተምሯል።

ኦሞራቴና ደቡብ ኦሞ

ኦሞራቴ በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ለኬንያ ድንበር ቅርብ በሆነ ሞቃት ቆላ የምትገኝ የዳሰነች ወረዳ ከተማ ናት። ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው ጂንካ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ለረጅም ዓመታት የደቡብ ኦሞ ዞን ማዕከል በነበረችው በጂንካ ነው። ዳሰነቾች ከብት ያረባሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ የወንዙ ሙላት ሲሸሽ በእርጥቡ ዳርቻ ማሽላ ይዘራሉ።

ስለዚህ በኦሞራቴ ውሃን መለካት የሕይወት ጉዳይ ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ በድንገት ሞልቶ ከ350 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ወዲህ የወንዙ ዓመታዊ ሥርዓት ተለውጧል፤ በቅርብ ዓመታትም ኦሞና ቱርካና ሐይቅ ሞልተው ብዙ ዳሰነቾችን አፈናቅለዋል። ሮቦቱን ከግድግዳ ጋር ከመጋጨት የሚያድነው ያው አልትራሶኒክ ሴንሰር ከውሃ ወለል በላይ ቢሰቀል የውሃውን ከፍታ ይለካል። የተማሪ መለኪያ የመንግሥትን የጎርፍ ማስጠንቀቂያ አይተካም፤ ልጆች የወንዛቸውን ባሕርይ በቁጥር እንዲያውቁ ግን ያስችላል።

የሁለት አገር ትምህርት ቤቶችን እውነተኛ ሸሪክ የሚያደርግ ሙከራም እዚሁ አለ። ድምፅ በሙቀት ይፈጥናል፤ በ36 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሴኮንድ ወደ 353 ሜትር፣ በ0 ዲግሪ ወደ 331 ሜትር ይጓዛል። ፍጥነቱ 340 ተብሎ የተጻፈለት ሮቦት 1 ሜትር ላይ ያለን ግድግዳ በኦሞራቴ ቀትር 96፣ በሰሜን አውሮፓ የብርድ ወራት ደጅ 103 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው ይላል። የልዩነቱ ምክንያት የሚገለጠው ሁለቱ ክፍሎች ቁጥራቸውን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ነው። የኦሞራቴ ልጅ በዚህ ሙከራ ሌላው የሌለውን ዕውቀት የሚያዋጣ እኩል ተመራማሪ ነው። ቁጥሮቹ በአጭር የስልክ መልእክት ሊላኩ ስለሚችሉ ሙከራው ፈጣን ኢንተርኔት አይጠይቅም።

ተግዳሮቶች

ኢትዮጵያ ከውጭ የመጣ የትምህርት ቴክኖሎጂን ከዚህ በፊት ሞክራለች። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሳተላይት የተሰራጨው የፕላዝማ ትምህርት በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ነበር፤ ፍጥነቱና እንግሊዝኛው ተማሪውን ጥሎ በመሄዱ፣ መምህሩንም ተመልካች በማድረጉ ብዙ ተተችቷል። ሮቦቲክስም መምህሩን ካላሠለጠነ ያው ዕጣ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው ተግዳሮት መለዋወጫ ነው። ሌጎ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ማይንድስቶርምስን ማምረት ሲያቆም በእሱ ላይ ብቻ የቆሙ ትምህርት ቤቶች አማራጭ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። አርዱይኖን የመሰለ ክፍት ሰሌዳ ግን ከተለያዩ አምራቾች ይገኛል፤ የተቃጠለው ክፍል ብቻ ተነቅሎ ይተካል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ አነስተኛ የፀሐይ ኃይል ባትሪዎቹን ለመሙላት ይበቃል። ቋንቋም ትኩረት ይሻል፤ ዳሰነችኛ የኩሽ ቋንቋ ሲሆን የፕሮግራም ትእዛዞች ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሚጻፉ፣ ሐሳቡን በልጆቹ ቋንቋ የሚያስረዳ መምህር ያስፈልጋል።

ስለዚህ ጥሩ ትብብር ገንዘቡን ለዕቃ ብቻ አያውለውም። መምህራንን በቅርብ ባለ ዩኒቨርሲቲ ያሠለጥናል፤ በአካባቢው የሚጠገን መሣሪያ ይመርጣል፤ ሴት ተማሪዎች ዳር ቆመው ከመመልከት ይልቅ ሽቦውን እንዲያገናኙና ኮዱን እንዲጽፉ ያደርጋል፤ የጥናት ጥያቄውንም ተማሪዎቹ ከሚኖሩበት ቦታ ያነሣል። እንዲህ የተመሠረተ ትብብር የውጭ አጋሩ ድጋፍ ሲያበቃም አይፈርስም፤ የተበላሸውን ሮቦት ፈትቶ የሚገጥም፣ ለሚቀጥለው ክፍልም የሚያስተምር ሰው እዚያው አለና።