ከማትሪክ በፊትና በኋላ

«ልጄን የት ላስተምር?» የሚለው ክርክር ቡሬን አልፎ ወደ እንጅባራ ሲኬድ በምትገኘው በጥሊሊም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል አዲስ አይደለም። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኰንን፣ ኋላም ኮተቤና ጄኔራል ዊንጌት ስማቸው ሲገን፣ የጠቅላይ ግዛቱም ተማሪ የሚመዘነው በዚያው በአንዱ ማትሪክ ነበር። ክፍተቱን ለማጥበብ፣ በዩኒቨርሲቲው ሥር የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ ብልጫ ያላቸውን መርጦ፣ ቀለብና ማደሪያ ችሎ 12ኛ ክፍልን ያስተምር ነበር። ለተመራጩ ታላቅ ዕድል ነበር፤ ከኋላ የቀረው ትምህርት ቤት ግን እንደነበረ ቀረ።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው በተሰጠው ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ በመሆናቸው ጥያቄው እንደገና ተነሣ። ፈተና ሚዛን ነው፤ ሚዛን ደግሞ እህል አያበዛም። ስለዚህ ትምህርት ቤት ከማማረጥ በፊት የጥሊሊውን ማጠናከር ይቀድማል።